የበረሃ ጽጌረዳን በቅርንጫፍ ቁራጭ ማራባት (ኮልፌ ቀራንዮ)

የበረሃ ጽጌረዳ (ሳይንሳዊ ስም፦ አዴኒየም ኦቤሱም) በአፍሪካና በዓረብ ልሳነ ምድር ደረቅ ቆላዎች በተፈጥሮ የሚበቅል፣ የግንዱ ግርጌ አብጦ ውሃ የሚያጠራቅም፣ ሮዝና ቀይ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ለኢትዮጵያ ምሥራቅና ደቡብ ቆላዎች አገር በቀል ሲሆን በአዲስ አበባ የሚያዘው በቫዞ ተተክሎ እንደ ጌጥ ተክል ነው። በዘር፣ በቅርንጫፍ ቁራጭና ቅርንጫፍ በማጋባት ይራባል። ለቤት ውስጥ ቀላሉ መንገድ ቁራጩ ነው፤ ምክንያቱም ምላጭ፣ ጠጠርና ትዕግሥት ብቻ ይበቃዋል። ነገር ግን በምዕራብ አዲስ አበባ እንደሚገኘው ኮልፌ ቀራንዮ ባለ ከፍታ ላይ ተክሉን የሚገድለው ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ሲመጡ ስለሆነ፣ ቁራጭ የሚቆረጥበትና ውሃ የሚጠጣበት ወር ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ወሳኝ ነው።

ስያሜና ምደባ

ተክሉን በሳይንሳዊ መንገድ መጀመሪያ የገለጸው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ፔር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረብ ምድር በላከው የጥናት ቡድን ውስጥ ሆኖ በየመን ዕፅዋት ሲሰበስብ እ.ኤ.አ. በ1763 በዚያው ሞተ። ማስታወሻዎቹን ከጉዞው በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር እ.ኤ.አ. በ1775 አሳተመለት። ፎርስኮል ተክሉን ከኦሊያንደር ወገን ቆጥሮ «ኔሪየም ኦቤሱም» ብሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1819 ሮመርና ሹልቴስ የተባሉ ሊቃውንት «አዴኒየም» በሚል ራሱን በቻለ ወገን መደቡት። አዴኒየም የሚለው ስም ከየመኗ የወደብ ከተማ ከኤደን ጋር ይያያዛል፤ ኦቤሱም በላቲን «ወፍራም» ማለት ሲሆን ያበጠውን ግንድ ያመለክታል።

በአማርኛ ጽጌረዳ ቢባልም ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም። የጽጌረዳ እውነተኛ ዘመድ በኢትዮጵያ ደጋዎች የሚበቅለው ቀጋ ነው። የበረሃ ጽጌረዳ የሚመደበው አፖሳይናሴ በተባለው ቤተሰብ ውስጥ ነው። በዚህ ቤተሰብ ለኢትዮጵያውያን ከሚታወቁት ዕፅዋት መካከል አጋም፣ ምረንዝ እና በቆላ መንገድ ዳር የሚታየው ቶብያ ይገኛሉ። በከተማ ግቢዎች ለጌጥ የሚተከለው ኦሊያንደርም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። ዝምድናው ለአብቃዩ የሚጠቅመው አንድ ነገር ያስታውሳል፦ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ መርዛም ዕፅዋት አሉ፤ የበረሃ ጽጌረዳም አንዱ ነው።

ገጽታ

በተፈጥሮ መገኛው ተክሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሜትር ቁመት ይኖረዋል። ቅርፊቱ ለስላሳና ግራጫ ነው። የግንዱ ግርጌ ከሥሩ ጋር አብሮ ያብጣል፤ ይህ ክፍል በዕፅዋት ጥናት ካውዴክስ ይባላል። በዝናብ ወቅት ያጠራቀመውን ውሃ በድርቅ ጊዜ የሚጠቀመው ከዚህ ነው። ቅጠሎቹ ወፈር ያሉ፣ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ተሰብስበው የሚወጡ ናቸው፤ ድርቅ ወይም ብርድ ሲበረታ ይረግፋሉ። አበባው እንደ መለከት አፍ የተከፈተ ሆኖ አምስት ቅጠሎች አሉት፤ ጠርዙ ሮዝ ወይም ቀይ፣ መሃሉ ደግሞ ፈካ ያለ ነው። ብዙ ጊዜ ተክሉ ቅጠሉን አራግፎ ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ያብባል።

ፍሬው እንደ ሁለት ቀንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ሲደርቅ ተሰንጥቆ ቀጫጭን ዘሮችን ይለቃል። እያንዳንዱ ዘር በሁለቱም ጫፍ የጸጉር ጉንጉን ስላለው ነፋስ በቀላሉ ይወስደዋል።

ተፈጥሯዊ መገኛ

የበረሃ ጽጌረዳ ከምዕራብ አፍሪካ ሳሕል አንሥቶ በሱዳን፣ በአፍሪካ ቀንድ፣ በኬንያና በታንዛኒያ እንዲሁም በየመን፣ በኦማንና በሳዑዲ ዓረቢያ ይገኛል። በሶቆጥራ ደሴት የሚበቅለው ዓይነት ግንዱ እንደ ጠርሙስ የወፈረ በመሆኑ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። በኢትዮጵያ ተክሉ በሶማሌ ክልል፣ በቦረናና በባሌ ቆላዎች እንዲሁም በኦሞ ሸለቆ አካባቢ ባሉ የግራርና የከርቤ ቁጥቋጦዎች መካከል፣ ድንጋያማና ውሃ ቶሎ በሚያሳልፍ መሬት ላይ ይበቅላል።

በእነዚህ ቆላዎች ዝናብና ሙቀት አብረው ይመጣሉ። ዝናቡ ሲጥል አፈሩ ሞቃት ስለሆነ ሥሩ ወዲያው ውሃ ይስባል፣ ቅጠል ያወጣል፤ ዝናቡ ሲያቆም መሬቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይደርቃል። የተክሉ አካል የተሠራው ለዚህ ዑደት ነው፤ በደጋ ሲያዝ የሚገጥመው ችግርም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

የኮልፌ ቀራንዮ አየር ጠባይ

ኮልፌ ቀራንዮ ከ11ዱ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን በከተማዋ ምዕራባዊ ጫፍ ይገኛል። አየር ጤና፣ ቤቴልና ዓለም ባንክ ከታወቁት ሰፈሮቹ መካከል ናቸው። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል፤ በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ መካከል ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ለማነጻጸር፣ ሞቃታማዋ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ ለበረሃ ጽጌረዳ ኮልፌ ቀዝቃዛ አገር ነው።

ሦስት የአየር ሁኔታዎች ለአብቃዩ ወሳኝ ናቸው፦

• ክረምት፦ አብዛኛው የዓመቱ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። ሐምሌና ነሐሴ ደመናማ፣ ቀኑም ቀዝቃዛ ነው። በቆላ ዝናብ የዕድገት ምልክት ሲሆን እዚህ ግን ዝናቡ የሚመጣው ከብርድ ጋር ነው። ቀዝቃዛ ሥር ውሃ በደንብ ስለማይስብ አፈሩ እርጥብ እንደሆነ ይቆይና ሥሩ ይበሰብሳል።

• የኅዳር፣ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት፦ ቀኑ ፀሐያማ ቢሆንም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ተክሉ ከ15 ዲግሪ በታች ዕድገቱን ይቀንሳል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል፤ ውርጭ ከነካው ጫፎቹ ይሞታሉ።

• ከየካቲት እስከ ግንቦት፦ የዓመቱ ሞቃት ጊዜ ነው። የበልግ ዝናብ ቢኖርም በመካከሉ ፀሐይ ትወጣለች። ለቁራጭ የሚመቸው ይህ ወቅት ነው።

የመራቢያ መንገዶች ንጽጽር

በዘር የበቀለ ተክል ከሕፃንነቱ ጀምሮ ግርጌው ያብጣል፤ የበረሃ ጽጌረዳ የሚታወቅበትን ቅርጽ የሚፈልግ ሰው ዘር ይመርጣል። ሆኖም እያንዳንዱ ዘር ከወላጆቹ የተለየ ቀለም ሊያመጣ ይችላል። በተጨማሪም የአበባው ወንዴ ክፍሎች እንደ ጣሪያ ተገጣጥመው ሴቴውን ክፍል ስለሚሸፍኑ፣ በቤት ውስጥ ያለ ተክል በእጅ ካልተዳቀለ አልፎ አልፎ እንጂ ፍሬ አይሰጥም፤ ብዙውን ጊዜም ሁለት የተለያዩ ተክሎች ያስፈልጋሉ።

የቅርንጫፍ ቁራጭ የእናቱ ትክክለኛ ቅጂ ነው። እናቱ ደማቅ ቀይ ካበበች ልጁም ደማቅ ቀይ ያብባል። ከዘር ከበቀለው ፈጥኖም ለአበባ ይደርሳል። ጉድለቱ ግርጌው ነው፦ ከቁራጭ የተገኘ ተክል ሥሮቹና ግንዱ በዓመታት ብዛት ሊወፍሩ ቢችሉም፣ እንደ ዘር በቀሉ ድቡልቡል ግርጌ አይኖረውም።

ግራፍቲንግ የሚባለው ቅርንጫፍ የማጋባት ዘዴ የሁለቱን ጥቅም ያጣምራል። ከዘር በበቀለና ግርጌው ባበጠ ተክል ላይ የሚፈለገው አበባ ቅርንጫፍ ተገጥሞ በፕላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። በእስያ ገበያዎች የሚሸጡት ድርብርብ አበባ ያላቸው ዓይነቶች በአብዛኛው በዚህ መንገድ የተራቡ ናቸው። ለጀማሪ ግን የቁራጭ ዘዴ ይቀላል።

በቁራጭ የማራባት ሂደት

ጊዜ። በኮልፌ ቀራንዮ ቁራጭ ለመውሰድ የተሻለው ጊዜ ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ሥር ለማውጣት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ይመረጣል፤ ይህም በመጋቢት ፀሐይ በሚመታው መስኮት ወይም በፕላስቲክ በተሸፈነ በረንዳ በቀን ይገኛል። በዚህ ጊዜ የተቆረጠ ቁራጭ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ሥሩን ለመያዝ ሁለት ወር ያህል ያገኛል። በግንቦት መጨረሻ የተቆረጠው ግን ሥር ሳይይዝ ክረምት ይደርስበታል፤ ብዙ ቁራጭ የሚበሰብሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቅርንጫፍ መምረጥ። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ቢያንስ የእርሳስ ውፍረት የደረሰ፣ አረንጓዴነቱን ለቆ ግራጫ መሆን የጀመረ ጤናማ ቅርንጫፍ ይመረጣል። በጣም ለጋው ይበሰብሳል። አበባ የተሸከመ ቅርንጫፍ ጉልበቱን ለአበባ ስለሚያውል ከመትከል በፊት አበባውና እንቡጡ ይነሣሉ።

መቁረጥ። ምላጩ ወይም ቢላዋው በአልኮል ይጠረጋል። ጓንት ይደረጋል። ቅርንጫፉ በአንድ ምት ሳይጨፈለቅ ይቆረጣል። የታችኛው ቅጠል ተነሥቶ ጫፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቅጠል ብቻ ይተዋል፤ ሥር የሌለው ቁራጭ ብዙ ቅጠል ማጠጣት አይችልም። ከተቆረጠው ቦታ የሚወጣው ፈሳሽ በውሃ ይታጠባል ወይም በሶፍት ይደረቃል። በእናቱ ተክል ላይ የቀረው ቁስል ውሃ እንዳይነካው ለጥቂት ቀናት ይጠበቃል።

ማድረቅ። ብዙ ጀማሪዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። ቁራጩ ወዲያው አይተከልም፤ ጥላና ነፋስ ባለበት ደረቅ ቦታ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ የተቆረጠው ፊት ደርቆ ጠባሳ ይሠራል። ጠባሳው የመበስበስ መንስኤ የሆኑ ፈንገሶች እንዳይገቡ ይከላከላል። ቁራጩ በመጠኑ ቢጨማደድ አያሰጋም፤ በውስጡ ያጠራቀመው ውሃ ይበቃዋል። አንዳንድ አብቃዮች ቁስሉ ላይ የቀረፋ ዱቄት ወይም የከሰል ድቃቂ ይነሰንሳሉ። ሥር አብቃይ ሆርሞን ከተገኘ ይረዳል፤ ያለ እሱም ቁራጩ ሥር ማውጣት ይችላል። እንደ ሌሎች የቤት አበቦች ውሃ በተሞላ ጠርሙስ ውስጥ ማቆም ግን አይመከርም፤ ወፍራም ግንዱ በቀላሉ ይበሰብሳል።

አፈር። በአዲስ አበባ የሚገኘው ጥቁር መረሬም ሆነ ቀይ አፈር ለብቻው ለዚህ ተክል አይሆንም፤ ሁለቱም ውሃ ይዘው ይቆያሉ፣ ሲደርቁም ይጠጥራሉ። ለሥር ማውጫ ግማሽ ቀላል የእሳተ ገሞራ ጠጠርና ግማሽ የታጠበ ሻካራ አሸዋ ይደባለቃል። ለብሎኬት ማምረቻ የሚውለው ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ጠጠር ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ደቃቁ ዱቄት በወንፊት ተነፍቶ ይወገዳል። በዚህ ደረጃ ፍግም ሆነ ኮምፖስት አይጨመርም፤ ቁራጩ ሥር ሳይኖረው ማዳበሪያ አይጠቅመውም፣ ለብስባሽ ግን በር ይከፍታል።

መትከል። ሥሩ ብዙ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ቫዞ ወይም በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የውሃ ጠርሙስ ወገቡ ላይ ተቆርጦና ታቹ ተበስቶ ያገለግላል። ቁራጩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበርና እንዳይወዛወዝ በቀጭን እንጨት ይደገፋል። የሚነቃነቅ ቁራጭ አዲስ የወጡትን ቀጫጭን ሥሮች ይበጥሳል። ከተተከለ በኋላ ጠጠሩ በጥቂቱ ይረጥባል፤ ቀጣዩ ውሃ የሚሰጠው ላዩ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው። ቦታው ብሩህ ሆኖ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ይሁን። ሌሊት ወደ ቤት ይገባል።

ሥር መያዙን ማወቅ። ሞቃት በሆነ ሁኔታ ሥር ከ4 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ይወጣል፤ በቀዝቃዛ ሳምንታት ይዘገያል። አዲስ ቅጠል መውጣቱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ቁራጩ በግንዱ ባለው ውሃ ብቻ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል። አስተማማኙ ምልክት በጣት ቀስ ተብሎ ሲሳብ ቁራጩ ቦታውን ይዞ መቆየቱ፣ ተጨማድዶ የነበረው ግንድም ተመልሶ መሙላቱ ነው። ግንዱ ከታች ለስልሶ ከጠቆረ በስብሷል ማለት ነው። ጥቁሩ ክፍል ንጹሕ ነጭ ሥጋ እስኪታይ ድረስ ይቆረጥና ማድረቁ እንደገና ይጀመራል።

ከሥር በኋላ ያለ እንክብካቤ

ቦታና ብርሃን። ሥር የያዘው ተክል በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ፀሐይ ይወጣል። በደጋ ፀሐይ ስለምትበረታ ከጥላ በድንገት የወጣ ቅጠል ይቃጠላል። በአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ በበጋ ብርድ ወራት ተክሉ ወደ ደቡብ በሚያይ የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግድግዳ ሥር ቢቀመጥ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያገኛል፤ ግድግዳው ያጠራቀመው ሙቀትም በምሽት ይጠቅመዋል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው በረንዳው ወደየት እንደሚያይ አይቶ የቫዞውን ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ መቀየር ይችላል።

ውሃ። ቋሚው ደንብ ውሃ ሙቀትን ተከትሎ ይሰጥ የሚለው ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ አፈሩ በደረቀ ቁጥር በደንብ ጠጥቶ ትርፉ በቀዳዳው እንዲወርድ ይደረጋል። በሐምሌና በነሐሴ ተክሉ ከዝናብ በታች አይቀመጥም፤ ከቆርቆሮ ክዳን የሚወርድ ጠብታ እንኳ በየቀኑ ከወረደበት ሊያበሰብሰው ይችላል። በዚህ ጊዜ በሦስትና በአራት ሳምንት አንዴ ጥቂት ውሃ ይበቃል። ቅጠሉን ያራገፈ ተክል ደግሞ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ከዚያም ያነሰ ይጠጣል። ያበጠው ግርጌ በጣት ሲጫኑት ጠንካራ ከሆነ ውሃ አልጠማውም።

አፈርና ቫዞ። ሥር ከያዘ በኋላ ሁለት እጅ ጠጠር፣ አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ወዳለበት ቅልቅል ይዛወራል። የሸክላ ቫዞ በግድግዳው በኩል ስለሚደርቅ ለደጋ አየር ከፕላስቲክ ይሻላል። ጥልቀቱ ያነሰና አፉ ሰፊ ቫዞ ይመረጣል። በየሁለት ዓመቱ በየካቲት ቫዞ ሲቀየር ተክሉ ከቀድሞው በጥቂቱ ከፍ ተደርጎ ይተከላል፤ በዚህ መንገድ የወፈሩት ሥሮች ከአፈር በላይ ይታያሉ። ከቁራጭ ለተገኘ ተክል ያበጠ ግርጌ የሚመስል ቅርጽ የሚሰጠው ይህ ዘዴ ነው።

መግረዝ። ተክሉ ሳይገረዝ ከቀረ ረጅምና ቀጭን ሆኖ ይወጣል። በየካቲት መጨረሻ ቅርንጫፎቹ ሲያጥሩ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በታች ሁለት ወይም ከዚያ በላይ አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። አበባ የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ጫፍ ስለሆነ መግረዝ አበባን ያበዛል፤ የተገረዘው ደግሞ ለቀጣዩ ዙር ቁራጭ ይሆናል።

የወራት ሰሌዳ

• መስከረም፦ ዝናቡ ሲያቆም ተክሉ ወደ ፀሐይ ይወጣል፤ ውሃ ቀስ በቀስ ይጨመራል።
• ጥቅምት፦ ፀሐይዋ ብሩህ ናት፤ የቆየ ተክል ሊያብብ ይችላል።
• ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፦ ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ቤት፤ ውሃ ይቀነሳል።
• የካቲት፦ ቫዞ ይቀየራል፣ ይገረዛል፣ ቁራጭ መውሰድ ይጀመራል።
• መጋቢት፣ ሚያዝያ፦ ቁራጭ ይተከላል፤ ለቆየው ተክል ውሃና ቀላል ማዳበሪያ ይሰጣል።
• ግንቦት፦ የቁራጮቹ ሥር ይፈተሻል፤ አዲስ ቁራጭ አይወሰድም።
• ከሰኔ እስከ ጳጉሜን፦ ከዝናብ ይጠለላል፤ ውሃ በጣም ይቀነሳል፤ ማዳበሪያ አይሰጥም።

ተባይና በሽታ

በደጋ የሚበዛው ጉዳት ሥርና ግንድ መበስበስ ነው። ምልክቱ የግርጌው መለስለስ፣ ቅጠል ቢጫ ሆኖ መርገፍና መጥፎ ሽታ ነው። ተክሉ ከቫዞው ወጥቶ የበሰበሰው ሁሉ ተቆርጦ ይጣላል፤ የቀረው ለአንድ ሳምንት ደርቆ በአዲስ ጠጠር ይተከላል። ግርጌው ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ጤናማዎቹ ቅርንጫፎች እንደ ቁራጭ ሊተርፉ ይችላሉ። ከአንድ ተክል ሁለትና ሦስት ቅጂ አስቀድሞ ማራባት የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ ክረምት አንዱን ቢወስድ ዓይነቱ አይጠፋም።

ክሽክሽ በአዲስ ቅጠልና በእንቡጥ ላይ ይሰፍራል። በቅጠል መገጣጠሚያ ላይ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው ተባይም ጭማቂውን ይመጣል። ሁለቱም በአልኮል በራሰ ጥጥ ተጠርገው ወይም በቀጭን የሳሙና ውሃ ታጥበው ይወገዳሉ። በደረቁ ወራት ቅጠል ሥር ቀጭን ድር የሚሠሩ ቀይ ጥቃቅን ሸረሪቶች ከታዩ ቅጠሉ በውሃ ይታጠባል።

መርዛማነት

የተክሉ ክፍሎች ሁሉ የልብን አመታት የሚያዛቡ ካርዲያክ ግላይኮሳይድ የተባሉ ውሕዶች አሏቸው። በአፍሪካ ልዩ ልዩ ሕዝቦች ከጭማቂው የቀስት መርዝ ሲሠሩ ኖረዋል፤ በታንዛኒያ የሚኖሩት የሐድዛ አዳኞች ከእነዚህ መካከል ናቸው። የቅርብ ዘመዱ ምረንዝም ለተመሳሳይ አገልግሎት ይታወቃል። ተክሉን መንካት ብቻውን አደጋ የለውም፤ አደጋው ጭማቂው ወደ አፍ፣ ወደ ዓይን ወይም ወደ ክፍት ቁስል ሲገባ ነው።

በቤት ውስጥ ሲራባ የሚወሰዱት ጥንቃቄዎች የሚከተሉት ናቸው። የተቆረጠበት ምላጭ ወይም ቢላዋ ለምግብ አያገለግልም። እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ዓይን አይታሽም። የሚደርቁ ቁራጮች ሕፃናት ከማይደርሱበት ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጣሉ። የቁራጭ ወቅት ከፋሲካ ሰሞን ጋር ስለሚገጥም ለበዓል የተገዛ በግ ወይም ፍየል በግቢ የሚታሰር ከሆነ የተገረዘው ቅርንጫፍ በአካባቢው አይጣልም፤ ከቀለብ ጋርም አይቀላቀልም። ሰው ከተክሉ ከበላ አፉን አጥቦ፣ እንዲያስመልስ ሳይገደድ፣ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት፤ ሐኪሙ እንዲለየው የተክሉን ቅጠል ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ጭማቂ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ ይታጠባል።

በሌሎች አገሮች

ታይላንድ፣ ታይዋንና ህንድ ዛሬ በዓለም የበረሃ ጽጌረዳን በብዛት ከሚያረቡ አገሮች መካከል ናቸው። አብቃዮቻቸው በመደጋገም በማዳቀል ነጭ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ቀይና ድርብርብ አበባ ያላቸው ዓይነቶችን አስገኝተዋል። በኢንዶኔዥያ ተክሉ «የጃፓን ካምቦጃ» ይባላል፤ ከጃፓን ግን አልመጣም። ከሩቅ እስያ በሚሸጠው ዘርና ችግኝ ውስጥ ያለው መሠረታዊ ዝርያ በኢትዮጵያ ቆላዎች ሜዳ ላይ የሚበቅለው ራሱ ነው።

የዱር ተክል ጥበቃ

ያበጠ ግርጌ ያለው ተክል በዱር ያን ያህል ለመወፈር ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ከቆላ ተነቅሎ ወደ ደጋ ከተማ የመጣ አሮጌ ተክል ሥሩ በመቆረጡና አየሩ በመቀየሩ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ክረምት ይበሰብሳል፤ በተነቀለበት ቦታ ደግሞ ዘር የሚሰጠው አንድ ተክል ይቀንሳል። ከጎረቤት ወይም ከችግኝ ጣቢያ ተክል የተወሰደ አንድ ጣት የሚያህል ቅርንጫፍ ግን እናቱን አይጎዳም፤ ተክሉም ከጅምሩ በቫዞና በደጋ አየር ያድጋል። በመጋቢት ሥር የያዘ ቁራጭ ክረምቱን በደረቅ ቦታ ካለፈ በሚቀጥለው ወይም ከዚያ በኋላ ባለው ሞቃት ወቅት የመጀመሪያ አበባውን ሊሰጥ ይችላል።